ትምህርት ቤት ያዘጋው ዳኛ

በዛሬው ጽሑፌ በአሜሪካ የኮኔክቲከት ግዛት የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረውን የአንድሩ ጀድሰንን ሕይወት በአጭሩ ላጫውታችሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጀድሰን በ1784 ተወለደ። ሕግ ተምሮ ካንተርበሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ጠበቃ ሆነ። በጎረቤቱ ፕሩደንስ ክራንዶል የተባለች መምህርት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነበራት። መምህርቷ አንዲት ጥቁር ተማሪ ብትቀበል ነጮቹ ወላጆች ተቆጡ። እሷም ፈርታ መመለስ ሲገባት፣ በ1833 ትምህርት ቤቱን ጭራሽ ለጥቁር ልጃገረዶች አደረገችው! ይሄኔ ተቃዋሚዎቹን አስተባብሮ የተነሳው ጀድሰን ነው። በዚያው ዓመት ከሌላ ግዛት የመጡ ጥቁሮችን ያለ ከተማው ፈቃድ ማስተማርን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ለሕጉ መውጣት እሱም ለፍቷል። መምህርቷ አንድ ሌሊት ታስራ አደረች፤ ስትከሰስም ጀድሰን ከከሳሾቹ ጠበቆች አንዱ ነበር። የተፈረደባት ፍርድ በይግባኝ ቢሻርም፣ በ1834 ሰዎች በሌሊት መጥተው መስኮቶቹን ሰባበሩ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ።

በ1836 ፕሬዚዳንት ጃክሰን ጀድሰንን ዳኛ አድርጎ ሾመው። በ1839 የአሚስታድ ጉዳይ እፊቱ ቀረበ። ከአፍሪካ ተሰርቀው ኩባ የተሸጡ 53 ሰዎች በሴንግቤ ፒዬ መሪነት በመርከቧ ላይ አምፀው ነበር። መንግሥት ፍርዱን እርግጠኛ ሆኖ፣ ወደ ኩባ የምትመልሳቸውን መርከብ ኒው ሄቨን ወደብ ላይ አቁሞ ይጠብቅ ነበር። ጀድሰን ግን በጥር 1840 የስፔን ሕግ ራሱ የባሪያ ንግድን ስለከለከለ እነዚህ ሰዎች ነፃ ናቸው፣ ወደ አገራቸው ይመለሱ ብሎ ፈረደ። በዚያው ፍርድ አንቶኒዮ የተባለው የመርከቧ ልጅ በኩባ ሕግ ባሪያ ነው ተብሎ ለጌቶቹ እንዲመለስ አዘዘ። በ1841 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአፍሪካውያኑን ነፃነት አጸና። ጀድሰን በ1853 እስኪሞት ዳኛ ነበር።

አንዳንዱ ልቡ ተለወጠ ይላል። ለኔ ግን ሕጉ የጻፈውን ብቻ ያነበበ ይመስለኛል፤ አንቶኒዮ ምስክር ነው። መምህርቷን የከሰሰበት ሕግ በ1838 ተሻረ፤ እሷም በ1886 ከግዛቱ ጡረታ ተቆረጠላት። የተበተኑትን ተማሪዎች ግን ወደ ክፍላቸው የመለሰ ፍርድ የለም። እጩ መምህራን፣ ዳኛ የተሳሳተውን ይግባኝ ያርመዋል፤ ከክፍል የተባረረ ልጅ ግን ይግባኝ የሚልበት የለውም።