የክሪስቶፎር ዳ ጋማ ሕይወትና ቤተ ሰብ

በአገራችን ሰው ሲጠራ የአባቱም ስም አብሮ ይጠራል። የአባት ስም ለልጅ መመኪያም ሸክምም መሆኑን ስለዚህ ሁላችንም እናውቃለን። ይህንን በማሰብ፥ ከታላቅ አባት ተወልዶ በእኛ አገር ምድር በወጣትነቱ የወደቀውን የክሪስቶፎር ዳ ጋማን ታሪክ ለአንባቢዎች ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ ሲኔስ በምትባል ትንሽ የፖርቱጋል ወደብ ተወለደ። በ1490 ዓ.ም. አፍሪካን በደቡብ በኩል በመርከብ ዞሮ ሕንድ አገር ደረሰ። ስለዚህም ሥራው ንጉሡ የቪዲጌራ መስፍን ብሎ ሾመው። ከሚስቱ ከካታሪና ዴ አታይዴ ስድስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። የመስፍንነቱ ማዕርግ በውርስ የተላለፈው ለታላቁ ልጅ ለፍራንሲስኮ ነው። ታናናሾቹ ግን ክብራቸውን በባሕርና በጦር ሜዳ መፈለግ ነበረባቸው። ክሪስቶፎርም ከእነዚህ አንዱ ነበረ። አባቱ በ1517 ዓ.ም. በሕንድ ሲሞት እርሱ ገና ልጅ ነበረ።

በዚያ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ከኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጋር በሚያደርጉት ጦርነት ተቸግረው፥ የፖርቱጋልን ንጉሥ ርዳታ ለምነው ነበር። ነገር ግን ርዳታው ሳይደርስላቸው በ1533 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። በዚያው ዓመት በሕንድ የፖርቱጋሎች አገረ ገዥ የነበረው ኤስቴቫኦ ዳ ጋማ ከመርከቦቹ ጋር ምጽዋ ደረሰ። ታናሽ ወንድሙን ክሪስቶፎርን በ400 ወታደሮች ላይ ሾሞ፥ መድፍና ጠመንጃ አስይዞ ወደ ደጋው ላከው። ወንድማማቾቹ ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ እንግዶቹን በደባርዋ ተቀበሏቸው። እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ አምባ ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። በሚያዝያ ወር 1534 ዓ.ም. ክሪስቶፎር በደቡብ ትግራይ ሁለት ጊዜ ተዋግቶ ድል አደረገ፤ ኢማሙም በጥይት ቈሰለ። ይሁን እንጂ ኢማሙ በቀላሉ ተስፋ የሚቈርጥ የጦር መሪ አልነበረም። በዛቢድ ካለው የቱርክ ሹም ብዙ ጠመንጃ ያዦችና መድፍ አስመጣ።

ዓመቱ ሊለወጥ ሲል፥ ዐፄ ገላውዴዎስ ከጦራቸው ጋር ገና ሳይደርሱ፥ በአሸንጌ ሐይቅ አቅራቢያ በወፍላ ጦርነት ተደረገ። ፖርቱጋሎች ተሸነፉ። ክሪስቶፎርም ቈስሎ ሲሸሽ ተማረከ። የዘመኑ የፖርቱጋል ጸሐፊዎች እንደ ተረኩት፥ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ቢጠየቅ እምቢ በማለቱ ብዙ ተሠቃይቶ አንገቱን ተሰየፈ። ዕድሜው ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ነበረ።

ከድሉ በኋላ አብዛኞቹ ቱርኮች ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከሞት የተረፉት ፖርቱጋሎች ግን በእቴጌይቱ ዘንድ ተሰብስበው ከዐፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ተባበሩ። በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ሞተ፤ ጦሩም ተበተነ። ከፖርቱጋሎቹም ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ቀሩ፤ የአገሩን ሴቶች አግብተው ልጆች ወለዱ። አለቃቸው ግን ያን ቀን ሳያይ ቀረ።

እንግዲህ ቫስኮ የታወቀው አዲስ የባሕር መንገድ በማግኘቱ ነው። ልጁ ክሪስቶፎር ግን በአባቱ ስም ተከብሮ በቤቱ መቀመጥ ሲችል፥ የማያውቀውን ሕዝብ ለመርዳት የተሰጠውን አደራ እስከ ሞት ጠበቀ። እኛም በዚህ ዓመት ከጉለሌ፥ ከትምህርት ቤታችን የምንሰናበት ተማሪዎች የወላጆቻችንን ስም ይዘን እንወጣለን። ስሙን የሰጡን እነርሱ ናቸው፤ በሥራ ማስከበሩ ግን የእኛ ድርሻ ነው።