የአንድ ቀን ሙከራ እና የአንድ ሰው ዕድሜ
የአበበ ቢቂላ የሕይወት ታሪክ

በሪያድ ከተማ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በተሰበሰብን ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም፣ አንድ ወጣት ወደ ትልቁ መድረክ ከመግባቱ በፊት በአንድ ቀን የሚደረግለት ሙከራ ስለ ወደፊት ዕድሉ ምን ያህል ይናገራል የሚለው ጥያቄ ነው። ክርክሩ የተጀመረው በስፖርት ነበር። አሜሪካኖች እግር ኳስ እያሉ በሚጠሩት፣ ነገር ግን ኳሱ በአብዛኛው በእጅ በሚያዝበትና በሚወረወርበት ጨዋታ፣ ቡድኑን የሚመራው ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ክለቦች ከመምረጣቸው በፊት በመራጮች ፊት ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ኳስ ይወረውራል። ሁሉም በሰዓትና በሜትር ይመዘገባል። ቶም ብሬዲ የተባለው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በዚህ ዓይነቱ ሙከራ በሩጫ ዝግተኛ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዓመት ምርጫም 198 ወጣቶች ቀደሙት። ይኸው ሰው በኋላ የአገሩን የበላይነት ዋንጫ ሰባት ጊዜ አገኘ።

ከመካከላችን ገሚሱ ቁጥር አይዋሽም፣ ሙከራውን ያላለፈ ዕድሉን ለሌላ ይልቀቅ ይላል። ገሚሱ ደግሞ የአንድ ቀን ውሎ የሰውን ችሎታ ሊለካ አይችልምና ሙከራ የሚባለው ነገር ጨርሶ ቢቀር ይሻላል ባይ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከጉዳዩ ግማሹን ብቻ ይዘዋል። ይህንንም ለማስረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሁላችንም ስሙን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግነው የአበበ ቢቂላ ሕይወት በቂ ማስረጃ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሆነ። በዚያን ዘመን ክብር ዘበኛ ጦር ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ስፖርት ከሚበቅልባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ነበር። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሯጮቹን ያሠለጥኑ የነበሩትም በዚሁ ሠራዊት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ በረጅም ርቀት ስሙ የሚነሣው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። አበበን ከጓደኞቹ በስተቀር የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም።

ይህን ስሙ ያልተሰማ ወታደር ለዓለም መድረክ ያበቃው ምን ነበር ቢባል፣ መልሱ ሙከራ ነው። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አበበ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ከተማ እንደገና ሮጠና በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። በዚያን ጊዜ የኦሎምፒክ ሪኮርድ የነበረው ቼኮዝሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነው። የአበበ ሰዓት ከዚህ በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጥናል። አበበና ጓደኛው አበበ ዋቅጅራ ለሮም ማራቶን ተመረጡ፤ ስመ ጥሩው ዋሚ ግን ሮም ሳይሄድ ቀረ።

ስለዚህ ሙከራ ከንቱ ነው የሚሉ ወገኖች እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እንጠይቃለን። አበበ ዘመድ ያልነበረው፣ አማላጅ ያላቆመ ተራ ወታደር ነበር። ያ ሙከራ ባይኖር ኖሮ ምርጫው በስምና በትውውቅ ሊሆን ይችል ነበር። ሰዓት የሚይዝ ሰው የሯጩን ማዕረግ አይጠይቅም። ለድሃ ልጅ ቀጥተኛ ፈተና ብዙ ጊዜ ብቸኛው በር ነው።

ሆኖም ቁጥሩ ራሱ መነበብ አለበት። ከመካከላችን ሕክምና የምናጠና አባላት እንደምንረዳው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለ ሆነም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክሲጅን ያነሰ ነው። በደጋ የተወለደና ያደገ ሰው ሰውነቱ ከዚህ ጋር ይለማመዳል። ቢሆንም ማንም ሯጭ ማራቶንን በዚያ ከፍታ በቆላ እንደሚሮጠው ፈጥኖ አይሮጥም። የምንኖርባት ሪያድ እንኳ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ ከአዲስ አበባ መጥተን ደረጃ ስንወጣ ልዩነቱ ሳይሰማን አልቀረም። ስለዚህ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ የሚለው ቁጥር በአዲስ አበባና በሮም አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በሮም የነበሩ የስፖርት ዐዋቂዎች ግን አበበን ከአሸናፊዎች ተርታ አልቆጠሩትም። ዓይናቸው የነበረው በዓለም ፈጣን ሰዓት ባለቤቱ፣ በሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ላይ ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአገር ቤት የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ውድድሩ ወደ ማምሻው ላይ ተጀመረ። አበበ በሮም የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቈሰለው እንደ ለመደው በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ሲጨልም መንገዱ በችቦ ብርሃን ይታይ ነበር። ከሞሮኮው ራህዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው፣ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ከአገራችን ተወስዶ በዚያ ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አለፉ። በመጨረሻው ጥቂት መንገድ አበበ ተፈትልኮ ወጣና በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ራህዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ ነበር። የዓለም ፈጣን ሰዓት ተሻሻለ፤ ፖፖቭ አምስተኛ፣ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆኑ። አበበ ቢቂላ ለጥቁር አፍሪካ አገር የኦሎምፒክ ወርቅ ሜዳልያ ያስገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የአዲስ አበባውን ሰዓቱን በ6 ደቂቃ አሻሻለ ማለት ነው። በሙከራው የተመዘገበው ቁጥር እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ሙሉውን እውነት አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ አበበ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺትሴ ተወዳድሮ ሁሉንም አሸነፈ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ የቦስተን ማራቶን ከማሞ ወልዴ ጋር እስከ ኮረብታዎቹ ድረስ መርቶ ኋላ ደከመና አምስተኛ ወጣ። በሕይወቱ ጀምሮ ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች ያላሸነፈው ይህን ብቻ ነው። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የሚደረገው ምርጫ በዚያ ቀን በተገኘው ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር? አበበ አበቃለት መባሉ አይቀርም ነበር።

ከዚህ የባሰ ፈተና ደግሞ መጣ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲቃረብ በደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ታመመና ሆስፒታል ተወሰደ። ሕመሙ ትርፍ አንጀት ሆኖ ስለ ተገኘ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ውድድሩ አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። አበበ ከአልጋው እንደ ተነሣ ማታ ማታ በሆስፒታሉ ግቢ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። በዚያ ሳምንት ሰዓት ተይዞ ቢፈተን፣ ከሕፃን ልጅ ያልተሻለ ውጤት ያስመዘግብ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ ጎዳና ላይ ግን ጫማ አድርጎ ሮጠና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት የዓለምን ፈጣን ሰዓት ዳግመኛ አሻሻለ። ሁለተኛ የሆነው እንግሊዛዊው ባዝል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ ግን በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ያለፈ ፈተናም ቢሆን ያሳስታል። አበበ በ1959 ዓ.ም. በስፔን አገር ሲሮጥ እግሩን ተጎድቶ አቋረጠ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ሲሰለፍ የግራ እግሩ አጥንት ጤነኛ አልነበረም። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ለደጋ ልጅ የምትመች ነበረች፤ የሁለት ኦሎምፒክ ድልም በስተኋላው ነበር። ይሁን እንጂ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ሮጠ አቋርጦ ወጣ። የተሰበረ አጥንት የትናንትን ሜዳልያ አይሰማም። ያን ቀን ድሉን ለኢትዮጵያ ያቆየው ማሞ ወልዴ ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጣ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገልብጣ የአንገቱ አከርካሪ ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ የአከርካሪ ጉዳተኞች በሚታከሙበት በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ቆየ። እጆቹ በረቱ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። በሩጫ ሚዛን ቢመዘን ውጤቱ ዜሮ ነው። እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሳለ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው መዘዝ የተነሣ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቤቱን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ሐኪም የበሽተኛን የደም ግፊት አንድ ጊዜ ለክቶ ከፍ ብሎ ስላገኘው ብቻ ወዲያውኑ የዕድሜ ልክ መድኃኒት አያዝም። በሽተኛው ደረጃ ሮጦ ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ደንግጦ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ በሌላ ቀንም ይለካል። መለኪያውን ግን አይጥለውም። የሙከራም ነገር እንዲሁ ነው። የት ተለካ፣ በምን ሁኔታ ተለካ፣ ስንት ጊዜ ተለካ፣ ከተለካስ ምን ያህል ጊዜ ሆነው የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ያልመለሰ ቁጥር ለብቻው ሊፈርድ አይገባውም። ኒስካነንም ቢሆኑ አበበን ያወቁት በአንድ ቀን ሰዓት ሳይሆን በየዕለቱ ልምምድ አጠገቡ በመቆም ጭምር ነው።

ይህን የምንለው ስለ ሯጮች ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ከአገር ቤት ለትምህርት የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች ገና በቅርብ በተማሩት አረብኛ ተፈትነው ውጤታቸው ዝቅ ሲል፣ ከራሳችን ከአባላቱ መካከል፣ ትምህርቱ ለእርሱ አይሆንም፣ ቢመለስ ይሻለዋል የሚል ወሬ ሲነዛ እንሰማለን። ይህ ወሬ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስኮላርሽፕ የሚያዘው በውጤት ስለ ሆነ፣ ተስፋ የቆረጠ ተማሪ ሁለተኛውን ፈተና ሳይቀመጥ ይሸነፋል። በባዕድ ቋንቋ መፈተን በከፍታ ላይ እንደ መሮጥ ነው። የተገኘው ውጤት እውነት ነው፤ ነገር ግን ትንፋሹ ያጠረበትን ሰው ውጤት ትንፋሽ ከሞላለት ሰው ውጤት ጋር እንዲያው ማስተያየት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ፈተና የደከሙትን አዲስ ገቢዎች ከነባሮቹ ጋር በማጣመር እስከሚቀጥለው ፈተና ድረስ በየሳምንቱ አብረው የሚያጠኑበት ቡድን ይቋቋም። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያገኘነውም ብንሆን በዚያው አንቀመጥ፤ በትናንት ውጤት የሚተማመን ሰው የሜክሲኮን መንገድ ያስታውስ። ጥናቱ ሊጀመር የሚገባው የሚቀጥለው የፈተና ጊዜ ከመድረሱ በፊት ስለ ሆነ፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ነባር ተማሪዎች በመጪው ስብሰባ ስማችሁን እንድታስመዘግቡ በወንድማዊ ፍቅር እንጠይቃለን።