የአዳም ኦስቦርን የሕይወት ታሪክ



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የማቀርብላችሁ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው የአንድ ሰው ታሪክ ነው። እርሱን የመረጥሁት በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር የተነሣ ሲሆን፣ ነገሩን በመጨረሻ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አዳም ኦስቦርን በማርች 6 ቀን 1939 በባንኮክ ከተማ ተወለደ። አባቱ እንግሊዛዊ መምህር፣ እናቱ የፖላንድ ተወላጅ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አባቱ በጃፓኖች እጅ ታስረው ሳሉ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር በደቡብ ሕንድ በቲሩቫናማላይ ከተማ አደገ። በኋላም ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በ1961 ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቀ፤ ወደ አሜሪካም ተሻግሮ በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

በሼል የነዳጅ ኩባንያ ጥቂት ከሠራ በኋላ ግን ሥራውን ትቶ ስለ ኮምፒዩተር የሚያስረዱ መጻሕፍት መጻፍና ማሳተም ጀመረ። ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ገና ብቅ ያሉበት ዘመን ስለ ነበረ መጻሕፍቱ ብዙ ገዢ አገኙ። በ1979ም የማሳተሚያ ድርጅቱን ሸጠ።

በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ብዙ ችግር ነበረበት። ዋናውን ሣጥን፣ ስክሪኑን፣ ዲስክ አንባቢውንና ፕሮግራሞቹን ለየብቻ እየገዛ፣ በሽቦ እያያያዘ፣ አንዱ ከሌላው ጋር አልስማማ ሲለው መጨነቅ ዕጣው ነበር። ኦስቦርን ይህን አይቶ ሁሉንም በአንድ ሣጥን ለማድረግ አሰበ። ሊ ፌልሰንስቲን የተባለው መሐንዲስም የመሣሪያውን አሠራር ነደፈለት። ኦስቦርን 1 የተባለው ይህ ኮምፒዩተር በ1981 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የኮምፒዩተር ትርዒት ላይ ለሕዝብ ቀረበ።

መሣሪያው ሲዘጋ እጀታ ያለው የልብስ ስፌት መኪና ሣጥን ይመስል ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ኪቦርድ ይሆናል፤ በመካከል መዳፍ የሚያህል 5 ኢንች ስክሪን፣ በግራና በቀኙ ሁለት የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያዎች፣ ከሥራቸውም የዲስክ ማስቀመጫ ኪሶች ነበሩት። ልቡ ዜድ 80 የተባለው ፕሮሰሰር ሲሆን፣ የማስታወስ ችሎታው 64 ኪሎባይት ነበር። ስክሪኑ ጠባብ ስለ ሆነ ከአንድ መስመር 52 ፊደላት ብቻ ይታያሉ፤ ቀሪውን ለማየት ገጹን ወደ ጎን መግፋት ያስፈልጋል። ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል ስለ ሆነ ተሸካሚውን ክንዱን ያዝለዋል፤ በውስጡ ባትሪ ስለሌለውም ኤሌክትሪክ በሌለበት አይሠራም። ነገር ግን ዋጋው 1,795 ዶላር ብቻ ነበረ፤ የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራሞችም ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብረው ይሰጡ ነበር። ስለዚህ ገዢው ቤቱ ወስዶ ሶኬት ላይ እንደ ሰካው ሥራውን ይጀምራል። ይህም በጣም ስለ ተወደደ በአንድ ወር 10,000 ያህል የተሸጠበት ጊዜ ነበር።

ዳሩ ግን ደስታው አልዘለቀም። በ1983 መጀመሪያ ኦስቦርን ሰፋ ያለ ስክሪን ስላለው አዲስ ኮምፒዩተር ለጋዜጠኞች ማውራት ጀመረ። ይህን የሰሙ ነጋዴዎች አዲሱን እንጠብቅ ብለው የአሮጌውን ትእዛዝ አቋረጡ። አዲሱ ለገበያ ቶሎ አልደረሰ፤ አሮጌው በመጋዘን ተከማቸ። ነገሩ ሁሉ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ሆነ። በሴፕቴምበር 1983 ኩባንያው መክሰሩን አስታወቀ። እስከ ዛሬም ድረስ ያልደረሰ ዕቃን አስቀድሞ በማውራት የሚመጣ ኪሳራ በስሙ ይጠራል።

እኔ ግን ፍርዱ ሚዛናዊ አይመስለኝም። ኬይፕሮ የተባለው ተወዳዳሪ ኮምፒዩተር በዚያው ዋጋ 9 ኢንች ስክሪን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ኮምፓክም የአይቢኤምን ፕሮግራሞች የሚያሠራ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር አቅርቦ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ላይ መጫን አይገባም። ኦስቦርንም ወድቆ አልቀረም፤ በ1984 ፕሮግራሞችን በርካሽ የሚሸጥ ሌላ ድርጅት አቋቋመ። ያም በክስ ምክንያት ተዳከመ። በ1992 ወደ ልጅነቱ አገር ወደ ሕንድ ተመልሶ፣ በማርች 18 ቀን 2003 በ64 ዓመቱ በኮዳይካናል ከተማ ዐረፈ።

እንግዲህ የራሴን ልናገር። ባለፈው ዓመት የሳይንስ ክበባችን አባላት ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች እየጠገኑ ሳለ፣ ከውጭ አገር ዘመዴ አዲስ ኮምፒዩተር ሊልክልን ነው ብዬ ተናገርሁ። ዘመዴ እሞክራለሁ አለ እንጂ እልካለሁ አላለም። ጓደኞቼ ግን አምነውኝ ጥገናውን ተዉት። አዲሱም አልመጣ፤ የወላጆች ቀን ሲደርስ ጠረጴዛችን ባዶ ነበር። ማንም አልተቈጣኝም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ያን ጊዜ መምህራችን የዚህን ሰው ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ።

ካነበብሁ በኋላ ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛው፣ በእጅ ያለውን ሳይጨርሱ ስለሚመጣው ማውራት በእጅ ያለውንም ማሳጣቱን ነው። ሁለተኛው፣ ሰው በአንድ ስሕተቱ ብቻ ሊመዘን እንደማይገባ ነው። በዚህ ዓመት ከሁለቱ ኮምፒዩተሮች አንዱን ጠግነን አስነሥተናል፤ ስለ ሁለተኛው ግን እስኪሠራ ድረስ ምንም አልናገርም።