እስክንድር ደስታ

ልዑል እስክንድር ደስታ (ሐምሌ 30 ቀን 1926 ዓ.ም. – ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባሕር ኃይል ምክትል አዛዥና ሪር አድሚራል ነበሩ። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው፣ እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

የልጅነት ጊዜ

ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ከእናታቸውና ከእህት ወንድሞቻቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። አባታቸው በአርበኝነት ሲዋጉ ተይዘው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገደሉ። እስክንድር በኋላ በእንግሊዝ አገር የባሕር ኃይል ትምህርት ተከታተሉ።

በባሕር ኃይል

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ አገሪቱ የባሕር ጠረፍ አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1955ም ባሕር ኃይሉ ተመሠረተ። የበላይ ውሳኔው ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ይሰጥ ነበር፤ ዋናው የጦር ሰፈር ግን ምጽዋ ነበር። መኮንኖቹን በማሠልጠን የኖርዌይ ባለሙያዎች ረድተዋል።

አገሪቱ የጦር መርከብ የሚሠራ ፋብሪካ አልነበራትም። ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የተሠራች ሲሆን የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነበር። 95 ሜትር ያህል ርዝመት የነበራት ይህች መርከብ በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተላለፈች። አነስተኛ የጥበቃ ጀልባዎችም ከአሜሪካ መጡ። በዚህ መንገድ አዲስ መርከብ የማሠራት ወጪ ቢቀርም፣ መለዋወጫና ጥይት የሚገኘው በሰጪው አገር ፈቃድ ነበር። የዚህም ጉዳት ልዑሉ ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታ ሲቋረጥ ታየ፤ ደርግም መርከቦችን ከሶቪየት ኅብረት ማግኘት ጀመረ።

አሟሟት

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የምጽዋ ባሕርተኞችም አመጹ። ልዑል እስክንድር ታስረው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት የቀድሞ ሹማምንትና መኮንኖች አንዱ ሆኑ። ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ የሟቾቹ አጽም ወጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ።

ከእርሳቸው በኋላ

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሕዝባዊ ግንባር ኃይሎች እጅ ገባች። መርከቧ «ኢትዮጵያ» በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ ኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ኢትዮጵያ የባሕር በሯን አጣች፤ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ።