ከሲሸልስ ደሴቶች እስከ ስሜን ተራሮች፤ የዶክተር ሂው ስኮት የሕይወት ታሪክ

ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ ነው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ፣ ዕድሜአቸውን ጥቃቅን ፍጥረቶችን በመፈለግ ስላሳለፉና ለዚሁም ሲሉ አገራችንን ሦስት ጊዜ ስለ ጎበኙ አንድ ሊቅ ለመጻፍ መረጥን። እኒህም ሰው በተፈጥሮ ታሪክ ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው የታወቀው እንግሊዛዊው ዶክተር ሂው ስኮት ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንወዳለን።

ሂው ስኮት የተወለዱት በ1885 ዓ.ም. ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ልባቸው ያዘነበለው ወደ ነፍሳት ትምህርት፣ ማለትም ወደ ጥንዚዛ፣ ወደ ዝንብና ይህን ወደ መሳሰሉት ነበር። በ1908 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳሉ፣ ፕሮፌሰር ስታንሊ ጋርዲነር የሚመሩት አንድ የምርምር ጓድ ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ሲሄድ እርሳቸውም አብረው ተጓዙ።

ሲሸልስ ከአፍሪካ ጠረፍ ወደ ምሥራቅ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙ፣ ሙቀትና ዝናብ የማይለያቸው ደሴቶች ናቸው። ከእነርሱም ማሔና ፕራስሊን የሚባሉት እንደ ሌሎች ብዙ ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ወይም ከዛጎል ክምር የተሠሩ ሳይሆኑ ጥንታዊ የግራናይት ድንጋይ ናቸው። በሚሊዮን በሚቈጠሩ ዓመታት በፊት የሕንድ ምድር ወደ ሰሜን ሲሸሽ፣ እነርሱ ከእርሱ ተቈርሰው በባሕር መካከል የቀሩ ቁራሾች ናቸው።

ይህ ነገር የእንቁራሪትን ታሪክ ለመረዳት ይጠቅመናል። የእንቁራሪት ቆዳ ስስና እርጥብ ስለ ሆነ የጨው ውኃ ያደርቃታል፤ እንቁላሏም በጨው ውኃ ውስጥ አይፈለፈልም። ስለዚህ ባሕር ለእንቁራሪት ከግንብ የከፋ አጥር ነው። ወፍ በርሮ፣ የዛፍ ፍሬም በማዕበል ተንሳፎ ወደ ደሴት ሊደርስ ይችላል፤ የሲሸልስ ጥንታውያን እንቁራሪቶች ግን ወደ ደሴቱ ተሻግረው የመጡ ሳይሆኑ፣ ምድሩ ሲቈረስ በላዩ ላይ የቀሩ ናቸው። የቅርብ ዘመዳቸው የተገኘችው በሕንድ አገር ምዕራባዊ ተራሮች ሲሆን፣ እርስዋም በሊቃውንት ዘንድ ስም የወጣላት በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከእነዚህ እንቁራሪቶች አንዷ በጓዱ መሪ በፕሮፌሰር ጋርዲነር ስም የተጠራች ናት። ስሙን ያወጡላት የለንደኑ ሊቅ ቡላንዤ ናቸው፤ ጊዜውም 1911 ዓ.ም. ነበር። አካለ መጠን ከደረሰች በኋላ እንኳ ርዝመቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ከአንዲት የባቄላ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። እንቁላሏን የምትጥለው በኩሬ ሳይሆን በጫካ ውስጥ በረጠበ ቅጠል መካከል ነው፤ ልጆቿም ጅራታቸውን እየወዘወዙ በውኃ ሳይዋኙ፣ ከእንቁላሉ እግር አውጥተው ይወጣሉ። ይህችው ፍጥረት የመሐል ጆሮ የላትም፤ ነገር ግን ድምፅን በአፏ ክፍተት ተቀብላ እንደምትሰማ ሊቃውንት በ2013 ዓ.ም. አረጋግጠዋል። በአፍ መስማት! እኛ ይህን ስናነብ መገረማችንን መደበቅ አልቻልንም።

ወጣቱ ስኮት በደሴቶቹ ለብዙ ወራት ቆይተው በየተራራው ላይ ነፍሳትን ሰበሰቡ። በዚያን ጊዜ የቆላው ደን ተመንጥሮ በኮኮናት እርሻ ተተክቶ ነበር፤ ከውጭ የመጣው የቀረፋ ዛፍም ዳገቱን ይዞት ነበር። የጥንቱ ደን የቀረው በየተራራው አናት ላይ በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ነው። ስኮት ከሌላ ስፍራ የማይገኙትን የደሴቶቹን ነፍሳት ይበልጡን ያገኙአቸው በእነዚያው ቅሪቶች ውስጥ ነበር። ደሴቱ ትንሽ ነው፤ ደኑ ደግሞ ከደሴቱ ያነሰ ነው፤ ፍጥረቶቹ ያሉት በዚያችው ጥቂት ቦታ ነው። ከዚያ ጉዞ የተገኘውን የነፍሳት ስብስብ መርምረው ጠቅላላ አስተያየታቸውን ያወጡት በ1933 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሥራ ሩብ ምዕት ዓመት ታግሠዋል ማለት ነው። ዛሬ ተማሪ አንድ የቤት ሥራ ለአንድ ሳምንት ቢቆይበት ያማርራል።

ስኮት ከ1909 እስከ 1928 ዓ.ም. በካምብሪጅ ቤተ መዘክር የነፍሳት ክፍል ኀላፊ ሆነው ሠሩ። ወደ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡትም በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ በ1926 ዓ.ም. ነው። ከባልደረባቸው ከኦመር ኩፐር ጋር ሆነው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን የጀምጀምን ደን፣ የዝቋላን ተራራና በአርሲ የጭላሎን ተራራ መረመሩ። ዝቋላ በአናቱ ላይ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ ያለው ተራራ ነው፤ የዘንገናን ሐይቅ ያየ የአዊ ልጅ ይህን በዓይነ ሕሊናው ለመሳል አይቸገርም። በዚያ ጉዞ ከተሰበሰቡት እንቁራሪቶች መካከል አንዷ በ1930 ዓ.ም. በኦመር ኩፐር ስም ተጠራች፤ እርስዋም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አትገኝም።

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ከሲሸልስ ጋር ምን ያገናኛታል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእኛ እንደሚመስለን ደሴትን ደሴት የሚያደርገው ውኃ ብቻ አይደለም። ብርድና ጭጋግ የለመደች የደጋ እንቁራሪት ሞቃታማውን ቆላ አቋርጣ ወደ ሌላው ተራራ መሄድ አይሆንላትም፤ ስለዚህ ቆላው ለእርስዋ ባሕር ነው፤ ተራራውም ደሴት ነው። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ደጋችንን ለሁለት ስለ ከፈለው፣ በምሥራቅና በምዕራብ ያሉት የደጋ እንቁራሪቶች ለብዙ ዘመን ተለያይተው እንደ ኖሩ በደማቸው የዘር ምርመራ ታውቋል። በአገራችን ከሚገኙት ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የመሰሎቻቸው ዓይነቶች ውስጥ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይታዩትም ስለዚህ ነው።

ስኮት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ተቀጠሩ። በ1937 ዓ.ም. ወደ የመን ተራሮች ተጓዙ፤ ስለዚያም ጉዞ በ1942 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተሙ። በ1941 ዓ.ም. የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ ይህም ለሳይንስ ሰው ታላቅ ክብር ነው።

በ1948 ዓ.ም. ዕድሜአቸው 63 ሲሆን ሌላው ሰው በቤቱ ማረፍን በሚመርጥበት ጊዜ እርሳቸው እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በደቡብ የጉጌን ተራሮች መረመሩ። ይህም አልበቃቸው ብሎ በ1952 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው፣ መኪና በማይደርስበት ዘመን፣ ወደ ስሜን ደጋ ወጥተው በደረስጌ አካባቢ ሰነበቱ። ዓላማቸው የከፍተኛ ተራሮች ፍጥረት ከየት እንደ መጣና ከማን ጋር እንደሚዛመድ ማወቅ ነበር። በሲሸልስ በወጣትነታቸው የጀመሩትን ጥያቄ በስሜን በሽምግልናቸው ይዘውት ወጡ።

ዶክተር ስኮት በ1960 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ነው። በሲሸልስም የማሔ ከፍተኛ ተራራ በ1979፣ ሲሉዌት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነዋል።

የደጋ ደሴቶቻችን እንቁራሪቶች ግን ገና ተቈጥረው አላለቁም። በባሌ ተራሮች በሐረና ደን ላይኛው ጫፍ፣ አስታ በሚበቅልበት ካቻ በሚባል ስፍራ፣ አንዲት አጭር አፍንጫ ያላት እንቁራሪት በ1989 ዓ.ም. ስም ወጣላት፤ መኖሪያዋ እጅግ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ደኑ ሲቈረጥና ከብት ሲረግጠው የመጥፋት አደጋ ላይ ከወደቁት ፍጥረቶች ተራ ገብታለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስሟ ከአማራ ክልል የተወሰደ አንዲት የሣር እንቁራሪት ለዓለም ታወቀች። እርስዋ ከኦመር ኩፐር እንቁራሪት ጋር የአንድ ወገን ናት።

በእኛም አገር በአዊ የጥንቱ ደን በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በጥቂት በጥቂቱ ቀርቷል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ማሳ ብዙው ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ ለብሷል። ዲከረንስ ለገበሬው ገንዘብ እንደሚያመጣ አንክድም፤ ነገር ግን አረንጓዴ የሆነ ሁሉ አንድ ዓይነት ደን አይደለም። ጨፌውም ለእርሻ እየተንጣፈፈ ነው። ስለዚህ የባዮሎጂ ክፍላችን ከሚመጣው የግንቦት ዝናብ ጀምሮ በአዘና ዙሪያ ባሉት ጨፌዎች ማታ ማታ የሚሰሙትን የእንቁራሪት ድምፆች በየዓይነታቸው እየለየ፣ ቀኑንና ስፍራውን በደብተር ለመመዝገብ ተዘጋጅቷል።