ጋስፓር ሞንዥ፦ የተቆለፈውን ዕውቀት የከፈተ መምህር

አንድ ኅብረተሰብ ከአሮጌ ሥርዓት ወደ አዲስ ሥርዓት በሚሸጋገርበት ወቅት ከሚነሡት መሠረታዊ ጥያቄዎች አንዱ ዕውቀት የማን ሀብት ነው የሚለው ነው። መሬትና ፋብሪካ፣ ግምጃ ቤትና የጦር መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ለዓይን ይታያሉ። ዕውቀት ግን በአዋጅ ብቻ አይወረስም። በመምህሩ አንደበትና በተማሪው እጅ በኩል ካላለፈ በቀር፣ ባለቤቱ ተለወጠ ቢባልም ከጥቂቶች ጓዳ አይወጣም። ከሁለት ምዕተ ዓመት በፊት በፈረንሳይ የኖረውንና የከፍተኛ ትምህርትን መልክ ከለወጡት ሰዎች አንዱ የሆነውን የጋስፓር ሞንዥን ሕይወት ለአንባቢያችን ለማቅረብ የተነሣነውም ይህን ጥያቄ በማሰብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሞንዥ በ1746 ቡርጎኝ በተባለው ክፍለ ሀገር ቦን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሸቀጡን ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ነጋዴ ነበር። ሆኖም ልጆቹን ለማስተማር ቆርጦ፣ ካህናት በሚያስተምሩበት የከተማው ትምህርት ቤት አስገባቸው። ጋስፓር በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ሊዮን ተላከ። በ17 ዓመቱም በዚያው ኮሌጅ ፊዚክስ እንዲያስተምር ተመረጠ። ወደ ትውልድ ከተማው በተመለሰ ጊዜ የመለኪያ መሣሪያዎቹን ሳይቀር ራሱ እየሠራ የቦንን ከተማ ካርታ አነሣ። ካርታውን የተመለከተ አንድ የመሐንዲስ ጦር መኮንን በሥራው ጥራት ተደንቆ፣ ወጣቱ ሜዚዬር ወደሚገኘው የንጉሡ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት እንዲሄድ መንገድ ከፈተለት።

እዚህ ላይ የዘመኑን ተጨባጭ ሁኔታ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የያኔው የፈረንሳይ ሥርዓት ሰውን የሚመዝነው በችሎታው ሳይሆን በትውልዱ ነበር። በሜዚዬር ለመኮንንነት የሚሠለጥኑት ወጣቶች ከመኳንንት ቤተሰብ የተወለዱ መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ የነጋዴው ልጅ የተመደበው ከዕጩ መኮንኖቹ ወንበር ሳይሆን፣ ንድፍ ከሚገለብጡትና የምሽግ ቅርጽ በጀሶ ከሚሠሩት ሠራተኞች ክፍል ነበር። ዕውቀቱ ተፈላጊ፣ እርሱ ግን የማይፈለግ ሆነ። ይሁን እንጂ የገዥው ክፍል የናቀው ይህ የእጅ ሥራ ለሞንዥ ትልቅ ትምህርት ቤት ሆነለት። ድንጋይ ጠራቢውና አናጺው ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ ልምድ የሚያውቁትን የቅርጽ ጥበብ፣ እርሱ በሒሳብ ዓይን ሊያየው ቻለ።

ጥቂት እንደቆየ የአንድን ምሽግ ቅርጽ እንዲወስን ታዘዘ። በምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር ከጠላት ተኩስ እንዲከለል ግንቡ በየት በኩል ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ በተለመደው መንገድ ረጅምና አድካሚ ስሌት ያስፈልገው ነበር። ሞንዥ መልሱን በአጭር ጊዜ ይዞ ቀረበ። አለቃው ይህን የመሰለ ሥራ በዚህ ፍጥነት ሊያልቅ አይችልም በማለት ወረቀቱን ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። በመጨረሻ ሲመረመር ግን ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሞንዥ ስሌቱን አላፋጠነም፤ በስሌቱ ቦታ ሥዕልን ተክቶ ነበር።

ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ ገላጭ ጂኦሜትሪ የሚል ስም ተሰጠው። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለው ማንኛውም ነገር፣ ቤትም ይሁን የማሽን ክፍል፣ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከፊት ለፊት ታይቶ በሁለት ሥዕሎች ይወከላል። ሁለቱ ሥዕሎች በአንድ ወረቀት ላይ በሥርዓት ሲቀመጡ፣ በቀጥታ የማይለካውን ርዝመት፣ ሁለት ገጾች የሚገናኙበትን መስመር፣ የሚቆረጠውን ማዕዘን ሁሉ በማስመሪያና በኮምፓስ ማውጣት ይቻላል። ዛሬ በሕንጻ ሥራ ወይም በብረታ ብረት ፋብሪካ ፕላን ዘርግቶ የሚሠራ ሠራተኛ፣ የሞንዥን ስም ሰምቶ ባያውቅም ቋንቋውን ያነባል።

ታዲያ ይህን ያህል ጠቃሚ የሆነው ዘዴ ምን ሆነ? የጦር ምስጢር ነው ተብሎ ተቆለፈበት። ሞንዥ በ1769 በሜዚዬር የሒሳብ መምህር ሆኖ ዘዴውን ለመኳንንት ልጆች ሲያስተምር ኖረ፤ በአደባባይ እንዳይገልጸው ግን ተከልክሎ ነበር። በእጁ ድንጋይ የሚጠርበው ሠራተኛ፣ ከእርሱ ሙያ የተወለደውን ሳይንስ እንዳያውቅ ሆነ። ሞንዥ በ1780 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1783 ደግሞ የባሕር ኃይል ዕጩዎች ፈታኝ ሆኖ ዝናው ቢስፋፋም፣ ይህ ቁልፍ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልተከፈተም። ቁልፉን የሰበረው የ1789 አብዮት ነው።

ሞንዥ ከአብዮቱ ጎን የተሰለፈው ሳያመነታ ነበር። በነሐሴ 1792 ንጉሡ ከሥልጣን በወረደ ጊዜ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ፤ በሚያዝያ 1793 ግን ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ሪፐብሊኩ በጠላት ጦር ተከበበ። ቀድሞ ከውጭ ይመጣ የነበረው የባሩድ ጥሬ ዕቃ ተቋረጠ፤ ከመኳንንት ወገን የነበሩ ብዙ የመሐንዲስ መኮንኖችም አገር ጥለው ሄደዋል። በሌላ በኩል አብዮቱ አሮጌዎቹን አካዳሚዎችና ዩኒቨርሲቲዎች በ1793 ዘግቷል። በግንቦት 1794 የዘመኑ ታላቅ ኬሚስት ላቯዚዬ፣ የንጉሡን ግብር በኮንትራት ይሰበስቡ ከነበሩት ባለሀብቶች ጋር ተከሶ በሞት ተቀጣ። ይህን ሐቅ ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። አሮጌውን ቤት ማፍረስ በቀናት የሚያልቅ ሲሆን፣ አዲስ መምህር ማፍራት ግን ዓመታትን ይፈጃል።

ሞንዥና ጓዶቹ ለዚህ ቅራኔ የሰጡት የመጀመሪያ መልስ በ1794 መጀመሪያ የተካሄደው አጭር ሥልጠና ነበር። ከየወረዳው የተመረጡ ዜጎች ወደ ፓሪስ ተጠርተው፣ ከምድር ቤትና ከበረት አፈር የባሩድ ጥሬ ዕቃ እንዴት እንደሚወጣ፣ ባሩድ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ መድፍ እንዴት እንደሚቀልጥ አንድ ወር ገደማ በሚፈጅ ጊዜ ተማሩ። ታላላቅ ሊቃውንት ለተራ ዜጋ በሚገባ ቋንቋ አስተማሩ። ሞንዥ ደግሞ ቀን በየመሥሪያ ቤቱ እየተዘዋወረ የተመለከተውን መሠረት በማድረግ፣ ስለ መድፍ አሠራር በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በዚያው ዓመት አሳተመ። ሠልጣኞቹም ወደየመጡበት ተመልሰው የተማሩትን በሥራ አዋሉ። ከፍተኛ ዕውቀት ለብዙኃኑ አይገባም የሚለው አሮጌ እምነት በዚህ ሥራ ተፈተነና ወደቀ።

ሁለተኛውና ዘላቂው መልስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተብሎ የታወቀው ኮሌጅ ነው። በመስከረም 1794 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በታኅሣሥ ሥራውን ሲጀምር፣ 400 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 20 ዓመት ሲሆን፣ በ22 ከተሞች በተሰጠ ፈተና ተመርጠው የመጡ ናቸው። የአባት ማዕረግ አልተጠየቀም። መንግሥት ለእያንዳንዱ ተማሪ መተዳደሪያ ይከፍል ነበር፤ ማደሪያቸውም በፓሪስ ዜጎች ቤት ነበር። የነጋዴው ልጅ 30 ዓመት ቀደም ብሎ የተነፈገው ወንበር፣ አሁን በችሎታ ለሚወዳደር ሁሉ ተዘረጋ።

ይሁንና የሞንዥ ብልኅነት በይበልጥ የታየው ተማሪውን ካስገባ በኋላ እንዴት ያስተምረዋል ለሚለው ጥያቄ በሰጠው መልስ ነው ብለን እናምናለን። በመጀመሪያ፣ 400 ተማሪ በአንድ አዳራሽ አዳምጦ እንዲበተን አላደረገም። ተማሪዎቹ 20 ያህል እየሆኑ በጓድ ተከፋፈሉ። የየጓዱን መሪዎች ሞንዥ ከተማሪዎቹ መካከል አስቀድሞ ራሱ አሠለጠናቸው። መሪው ትምህርቱ ያልገባውን ጓደኛውን የሚያስረዳ፣ የከበደውን ነጥብ ወደ መምህሩ የሚያደርስ ድልድይ ነበር። ሁለተኛ፣ ንድፈ ሐሳብ ከተግባር አልተነጠለም። ጠዋት በትምህርት የተሰማው ነገር በንድፍ ጠረጴዛና በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በእጅ ተሠርቶ ይታይ ነበር። ሦስተኛ፣ መምህሩ ራሱ የተማሪውን ፊት የሚያነብ ሰው ነበር። በአየር ላይ በእጆቹ ቅርጽ እየሠራ ያስረዳል፤ ያልገባው ተማሪ ፊት ሲያይ አስተያየቱን ለውጦ በሌላ መንገድ ይጀምራል፤ ከክፍል ሲወጣም ከተማሪዎቹ ጋር እየተራመደ ይወያያል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳየን፣ በዚያው ወቅት በሌላ ቦታ የተደረገው ሙከራ ነው። በጥር 1795 ለመምህራን ማሠልጠኛ ኤኮል ኖርማል ተከፈተ። ከየወረዳው 1,400 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። መምህራኑም ላግራንዥን፣ ላፕላስንና ሞንዥን የመሳሰሉ የዘመኑ ቁንጮዎች ነበሩ። ገላጭ ጂኦሜትሪ ከምስጢርነት ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የተሰጠው በዚህ ነው። ጸሐፊዎች ቃል በቃል እየመዘገቡ ትምህርቱን ለኅትመት አበቁት። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ከአራት ወር በኋላ በግንቦት ተዘጋ። ከአድማጮቹ አንዳንዱ የላቀ ሒሳብ የሚያውቅ፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያ ደረጃ ያልዘለለ ነበር። የሊቃውንቱ ንግግር በብዙኃኑ ራስ ላይ አልፎ ሄደ። ከዚህ የምንረዳው፣ በሩን ለሕዝብ መክፈት አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ነው። የገባውን ሰው ካለበት ደረጃ ተቀብሎ የሚያራምድ አደረጃጀት ከሌለ፣ የተከፈተው በር መልሶ የሚያስወጣ በር ይሆናል።

የታሪክ ሂደት ግን በዚህ አላበቃም። ሞንዥ በ1796 ኢጣሊያ ውስጥ ከወጣቱ ጄኔራል ናፖሊዮን ጋር ተዋወቀ፤ በ1798 ተከትሎት ግብፅ ዘመተና ካይሮ ላይ የተቋቋመው የሳይንስ ተቋም ፕሬዚዳንት ሆነ። ናፖሊዮን ሥልጣን ሲይዝ ሞንዥ የሴኔት አባል፣ በ1808 ደግሞ የመኳንንት ማዕረግ ተሸላሚ ሆነ። በትውልድ ማዕረግ የተገፋው ሰው ማዕረግ ተቀበለ። ይህ የሕይወቱ ደካማ ገጽታ መሆኑን መካድ አይቻልም። በዚሁ ዘመን ኮሌጁም መልኩን ለወጠ። በ1804 በወታደራዊ ሥርዓት እንዲተዳደር ተወሰነ፤ በ1805 ተማሪዎቹ ከዜጎች ቤት ወጥተው ካምፕ ገቡ፤ ቀድሞ መተዳደሪያ ይቀበል የነበረው ተማሪም በዓመት 800 ፍራንክ እንዲከፍል ተጠየቀ። የእጅና የንድፍ ሥራው ሰዓት እየቀነሰ፣ ንጹሕ ሒሳብ ቦታውን እየያዘ ሄደ። የድሃው ልጅ ወንበር እንደገና ጠበበ።

በዚህ ጊዜ ሞንዥ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የማስተማር ደመወዙን ለመክፈል አቅም ላጡ ተማሪዎች አዋለው። ናፖሊዮን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ያልተቀበሉትን ተማሪዎች በነቀፈ ጊዜም ተሟገተላቸው። እነዚህን ወጣቶች ሪፐብሊካን ለማድረግ ብዙ እንደደከሙ፣ አሁን ደግሞ መንገዱ በድንገት ስለታጠፈባቸው ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚገባ እንደነገረው ይተረካል። ለራሱ ማዕረጉን የተቀበለው ሰው፣ ለተማሪዎቹ የኅሊና ነፃነት ሲሟገት እናየዋለን። ሰው እንዲህ ያለ ቅራኔ በውስጡ ይዞ ይኖራል።

ናፖሊዮን በ1815 ሲወድቅ የተመለሰው የንጉሥ መንግሥት ሞንዥን አልማረውም። በ1816 ከሳይንስ አካዳሚ ስሙ ተሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ኮሌጁ ለጊዜው ተበተነ። ሐምሌ 28 ቀን 1818 ሞንዥ በ72 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ። በወቅቱ ኮሌጁ እንደገና ተከፍቶ ነበርና ተማሪዎቹ ወደ ቀብሩ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። በመጀመሪያ ባገኙት የዕረፍት ቀን ግን በሰልፍ ወደ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ሄደው በመቃብሩ ላይ የአበባ ጉንጉን አኖሩ። አብዛኞቹ በክፍል ውስጥ አስተምሯቸው የማያውቁ ወጣቶች ነበሩ፤ የጤና እክል ስላጋጠመው ማስተማሩን በ1809 አቁሟል። የፈረንሳይ መንግሥት አጽሙን ወደ ፓንቴዎን ያዛወረው የአብዮቱ 200ኛ ዓመት በተከበረበት በ1989 ነው።

ዛሬ ንድፉን የሚሥለው ኮምፒዩተር ነው። ማስመሪያውና ኮምፓሱ ከብዙ ቢሮዎች ወጥተዋል፤ ተማሪውም የጠየቀውን መልስ ከማሽን በቅጽበት ያገኛል። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር መምህር አያስፈልግም የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። የሞንዥ ሕይወት የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። አዲሱ ዘዴ ስሌቱን ቢያሳጥርም፣ ዘዴው ማን እጅ ይግባ የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም፤ ለ30 ዓመት ያህል የመኳንንት ምስጢር ሆኖ ቆይቷልና። መልሱ የተገኘው ወንበሩ በችሎታ ሲከፈት፣ ተማሪው በትንሽ ጓድ ውስጥ በስሙ ሲታወቅ፣ መምህሩም ፊቱን እያየ ሲያስተምረው ነው። ስለሆነም ስለ አንድ ኮሌጅ ስንጠይቅ፣ ስንት ማሽን አለው ብለን ብቻ አንለፍ። የሸቀጥ ነጋዴው ልጅ ዛሬ ቢመጣ የሚቀመጥበት ወንበር አለ ወይ፣ ያልገባውንስ የሚያስተውልለት ሰው አለ ወይ ብለን መጠየቅ ይገባናል።