ኢብን አል ሐይተም እና ውሃው ውስጥ ያልታየችው ፍየል

አጋሮ ውስጥ አምስት ሆነን የያዝነው አንድ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አለን፡፡ ከባንክ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ የተሰባሰብን ደመወዝተኞች ነን፡፡ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ርዕስ እንመርጥና በሞባይልም በካሜራም ፎቶ አንስተን እንመጣለን፡፡ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ ፎቶዎቹ ይታያሉ፤ አሸናፊውም በድምፅ ይለያል፡፡ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የመረጥነው ርዕስ ነጸብራቅ ነበር፡፡

አጋሮ ነጸብራቅ አይቸግራትም፡፡ ከዝናብ በኋላ መንገድ ላይ የሚተኛው ውሃ አለ፤ የባጃጅ መስተዋት አለ፤ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ገንዳ አለ፤ ሲኒ ውስጥ ያለው ጥቁር ቡና እንኳ መስኮቱን ያሳያል፡፡ በዕድሜ ከሁላችን የሚያንሰው ወዳጄ ግን ራቅ ብሎ ሄደ፡፡ ወደ ዴዴሳ ከሚገቡት ጅረቶች በአንዱ ላይ ያለች አነስተኛ የእንጨት ድልድይ ከዳገቱ ላይ ሆኖ አንስቶ መጣ፡፡ በፎቶው የላይኛ ግማሽ ድልድዩና መሀሉ ላይ ጋደም ያለች ፍየል ይታያሉ፡፡ ከታች በረጋው ውሃ ላይ ድልድዩ ተገልብጦ ይታያል፡፡ ፍየሏ ግን ውሃው ውስጥ የለችም፡፡

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም፡፡ ነጸብራቅ ከላይ ያለውን እንዳለ ገልብጦ የሚያሳይ ነገር ነው፤ ስለዚህ ይህ ፎቶ በኮምፒዩተር የተገጣጠመ ነው ብዬ በሰው ፊት ፈረድኩበት፡፡ ሌሎቹም ተስማሙ፡፡ ወዳጄ ብዙ አልተከራከረም፤ ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ፡፡ ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ አልመጣም፡፡

ስህተቴን እንዳይ ያደረገኝ የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ የኖረ ሰው ነው፡፡ የሕይወት ታሪኩን ለአንባቢ ማካፈል የፈለግሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

አቡ አሊ አል ሐሰን ኢብን አል ሐይተም በ965 ገደማ በዛሬዋ ኢራቅ፣ በባስራ ከተማ ተወለደ፡፡ አውሮፓውያን አልሃዘን ይሉታል፡፡ ዘመኑ የግሪክ ሊቃውንት መጻሕፍት ወደ አረብኛ ተመልሰው በሰፊው የሚጠኑበት ነበርና ወጣቱ የዩክሊድን ጂኦሜትሪና የፕቶለሚን ሥነ ፈለክ ጠንቅቆ አወቀ፡፡ በሒሳብ ሊቅነቱ ስሙ ከአገሩ አልፎ መሰማት ጀመረ፡፡

ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ታሪኩን የጻፈው አል ቂፍጢ እንደሚተርከው፣ ወደ ግብፅ የወሰደው አንድ የድፍረት ንግግር ነው፡፡ ግብፅ ብኖር ኖሮ የዓባይ ውሃ ሲሞላም ሲጎድልም ጥቅም እንዲሰጥ አደርገው ነበር ማለቱ ካይሮ ደረሰ፡፡ ነገሩ ቀላል ወሬ አልነበረም፡፡ ከእኛ ደጋ በክረምት የሚወርደው ጎርፍ ሲያንስ ግብፅ ይራባል፣ ሲበዛ ይጥለቀለቃል፡፡ ከ996 ጀምሮ በካይሮ የነገሠው የፋጢማውያኑ ኸሊፋ አል ሐኪም ይህን ሲሰማ ገንዘብ ልኮ አስመጣው፡፡ ከከተማው ውጪ ድረስ ወጥቶም ተቀበለው፡፡

ኢብን አል ሐይተም ሠራተኞች ተሰጥተውት ወንዙን እየተከተለ ወደ ደቡብ ተጓዘ፡፡ በመንገዱ ላይ የጥንት ግብፃውያንን ግዙፍ ሕንፃዎች አየ፡፡ የአሠራራቸውን ጥራት ሲመለከት ልቡ ከዳው፡፡ ይህን ያህል ጥበብ የነበራቸው ሰዎች ዓባይን መግራት ቢቻል ኖሮ ይተዉት ነበርን ብሎ አሰበ፡፡ አስዋን አጠገብ፣ ወንዙ በድንጋዮች መሀል እየተንደረደረ ወደሚያልፍበት ስፍራ ሲደርስ ጥርጣሬው እርግጥ ሆነ፡፡ በዘመኑ መሣሪያና ጉልበት የሚሞከር አልነበረም፡፡ አስዋን ላይ ታላቁ ግድብ ያለቀው በ1970 ነው፤ የእኛው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ በመስከረም 2025 ተመረቀ፡፡ ያቺ ፍየል በተኛችበት ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃም በዴዴሳ በኩል ዓባይ ገብቶ ወደዚያው ይወርዳል፡፡

ሊቁ ተመልሶ አልቻልኩም አለ፡፡ ይህን ለአል ሐኪም መንገር ቀላል አልነበረም፤ ኸሊፋው ዛሬ የሾመውን ባለሥልጣን ነገ የሚያስገድል ሰው ነበር፡፡ አልቀጣውም፤ እንዲያውም የመንግሥት ሹመት ሰጠው፡፡ ኢብን አል ሐይተም ግን ሹመቱን ከቅጣቱ ይልቅ ፈራው፡፡ እምቢ ማለትም መቀበልም ሞት መስሎ ስለታየው አበድኩ ብሎ አረፈው፡፡ ንብረቱ ተይዞ፣ ጠባቂ ተመድቦለት ቤት ተዘጋበት፡፡ እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ፡፡ በ1021 አል ሐኪም አንድ ሌሊት ከካይሮ ወጣ ብሎ ወደ ሙቀጠም ኮረብታዎች እንደሄደ ቀረ፡፡ ያን ጊዜ የሊቁ እብደት በአንድ ቀን ለቀቀው፡፡

ከዚያ በኋላ በአል አዝሃር መስጊድ ደጃፍ በአንዲት ትንሽ ቤት ተቀመጠ፡፡ መተዳደሪያው የእጅ ጽሑፍ ነበር፡፡ የዩክሊድንና የፕቶለሚን መጻሕፍት በየዓመቱ እየገለበጠ በ150 ዲናር ይሸጣል፤ በዚያው ዓመቱን ይኖራል፡፡ የቀረውን ጊዜ ለራሱ ምርምር አዋለው፡፡

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው ሰባት ክፍል ያለው የእይታ መጽሐፉ ነው፡፡ ይህን የጻፈው ቤት ተዘግቶበት ሳለ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል፡፡ የሥራዎቹን ዝርዝርና ዘመን የመረመሩ ምሁራን ግን ከእስሩ በኋላ ያደርጉታል፡፡ ከእሱ በፊት ዩክሊድና ፕቶለሚ የምናየው ከዓይናችን በሚወጣ ጨረር ነው ብለው ነበር፡፡ እሱ ይህን ገለበጠው፡፡ ኃይለኛ ብርሃን ስናይ ዓይናችን ይታመማል፤ ዓይናችንን ከጨፈንን በኋላም የብርሃኑ ቅርጽ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ ብርሃን ወደ ዓይን ይገባል እንጂ ከዓይን አይወጣም አለ፡፡ በጨለማ ክፍል ቀዳዳ ፊት ለፊት ብዙ መብራቶችን ደርድሮም ፈተሸ፡፡ አንዱን መብራት ሲጋርደው በክፍሉ ግድግዳ ላይ የዚያ መብራት ነጥብ ብቻ ይጠፋል፤ ሲገልጠው ይመለሳል፡፡ ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚሄድ፣ የአንዱም ከሌላው ጋር እንደማይደባለቅ በዚህ አሳየ፡፡ ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ካሜራ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፡፡

ከመጽሐፉ አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ክፍሎች ስለ ነጸብራቅ ናቸው፡፡ ብርሃን መስተዋት ላይ በወደቀበት ዘንበል ልክ ተመልሶ እንደሚሄድ ከእሱ በፊትም ይታወቅ ነበር፡፡ እሱ ግን የተባለውን ብቻ አልተቀበለም፡፡ ሰባት ዓይነት የብረት መስተዋቶችን፣ ማለትም ዝርግ፣ እንዲሁም ጎድጓዳና ጎባጣ የሆኑ የኳስ፣ የቱቦና የሾጣጣ ቅርጽ ያላቸውን የሚይዝ መሣሪያ ነድፎ ሕጉ በእያንዳንዱ ላይ እንደሚሠራ ፈተሸ፡፡ በጎባጣ መስተዋት ላይ ብርሃኑ የትኛዋን ነጥብ ነክቶ ወደ ዓይን እንደሚመጣ ለማወቅ ያደረገው ረጅም የጂኦሜትሪ ትንተና እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፡፡ የባጃጅ ሾፌር በጎን መስተዋቱ ኋላውን ባየ ቁጥር ያ ጥያቄ ይነሳል ማለት ነው፡፡

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ሌላው ሥራው ነው፡፡ በፕቶለሚ ላይ ባነሳው የጥርጣሬ መጽሐፉ፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው የታላላቆችን ቃል መመርመር ብቻ ሳይሆን ራሱንም መጠርጠር እንዳለበት አሳስቧል፡፡ ይህን ያነበብኩ ዕለት ያቺ ፍየል ትዝ አለችኝ፡፡

ኢብን አል ሐይተም በ1040 ገደማ ካይሮ ውስጥ አረፈ፡፡ መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ እነ ሮጀር ቤከንንና ኬፕለርን አስተማረ፡፡ በ1572 ባዝል ከተማ ታተመ፡፡ የተባበሩት መንግሥታት 2015ን የብርሃን ዓመት ብሎ ሲያከብር የሊቁ ሥራ ሺህኛ ዓመትም አብሮ ታስቧል፡፡ ኢራቅም መልኩን በ10,000 ዲናር ኖቷ ላይ አትማዋለች፡፡

ወደ አጋሮ ልመለስ፡፡ ያን ምሽት ራሴን ልጠርጥር ብዬ ከባለቤቴ የእጅ መስተዋት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት፡፡ በግራና በቀኙ ሁለት ሲኒ ደፍቼ በላያቸው መጽሐፍ አስተኛሁ፤ መጽሐፉ ላይ አንድ ፍሬ ቡና አስቀመጥኩ፡፡ ከላይ ሆኜ ስመለከት የቡናዋ ፍሬ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች፡፡ መስተዋቱ ውስጥ ግን የመጽሐፉ የታችኛው ሽፋን እንጂ ፍሬዋ የለችም፡፡ መስተዋት እኛ ያየነውን አይገለብጥም፤ እሱ ባለበት ቦታ ሆኖ ሽቅብ የሚታየውን ነው የሚያሳየን፡፡ ውሃውም እንደዚያው ነው፡፡ ከዳገት ለቆመ ሰው ፍየሏ ትታያለች፤ ለውሃው የሚታየው የድልድዩ ሆድ ነው፡፡ እንዲያውም ፍየሏ ሙሉ በሙሉ ተገልብጣ ውሃው ውስጥ ብትታይ ኖሮ ፎቶው የኮምፒዩተር ሥራ መሆኑን የምታጋልጠው እሷ ነበረች፡፡

በማግስቱ መስተዋቱን፣ ሁለቱን ሲኒና መጽሐፉን በፌስታል ይዤ ወዳጄ ቤት ሄድኩ፡፡ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁት፡፡ ግባ አለኝ፤ ግን ገና አልሳቀልኝም፡፡ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ሳሳየው ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ፡፡ እሱ ራሱ ፍየሏ ለምን እንደጠፋች አያውቅም ነበር፤ ያየውን ማንሳቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው፡፡ ስለዚህም ነበር ያልተከራከረው፡፡

በሰው ፊት የፈረድኩትን በሰው ፊት ማንሳት ነበረብኝና በቀጣዩ እሁድ ሙከራውን ለሁሉም አሳየሁ፡፡ ድምፅ እንደገና ተሰጥቶ ፎቶው አንደኛ ወጣ፡፡ እኔም በተሸናፊነቴ የዚያን ቀን ቡና ከነቁርሱ ቻልኩ፡፡ አንባቢም መስተዋትና ሁለት ሲኒ ካለው ዛሬ ማታ ይሞክረው፡፡ ቸር እንሰንብት፡፡